ጠዋት ብቻ የሚያነክስ ሰው

ከአልጋው እስከ መታጠቢያ ቤቱ አሥራ አንድ እርምጃ ነው። ልብስ ተኳሹ እርምጃ የመቁጠር ጠባይ ያለው ሰው አልነበረም፤ ካለፉት ሰባት ወራት ወዲህ ግን እያንዳንዷን እንደ ጎረቤት ለይቶ ያውቃታል። የመጀመሪያዋ ክፉ ናት፤ የግራ ተረከዙ ወለሉን ገና ሲነካ ሚስማር የረገጠ ይመስል ትንፋሹን ትቀማዋለች። ሁለተኛዋና ሦስተኛዋም የእሷው እህቶች ናቸው። ከስድስተኛዋ በኋላ ፋታ ይገኛል፤ አሥራ አንደኛዋ ላይ ሲደርስ ግድግዳውን ለቆ እንደ ሰው ይቆማል። የዚያን ዕለት ጠዋት ገና አራተኛዋ ላይ ነበር። አንድ እጁ ግድግዳው ላይ፣ ግራ እግሩ በጣቶቹ ብቻ ቆሞ፣ ወደፊትም ወደኋላም ማለት ሳይችል ከወጥ ቤቱ የልጁን ድምፅ ሰማ። ዳቦ እየቆረጠች ከታላቅ ወንድሟ ጋር በስልክ ታወራለች። እጇ ስለተያዘ የስልኩን ድምፅ ከፍ አድርጋ ከስኳሩ ጣሳ ጋር አስደግፋዋለች።

«እውነቴን ነው የምልህ፣» ትላለች፤ «እኔ ሳየው ያነክሳል። ግድግዳ ተደግፎ፣ ፊቱን አጨማዶ፣ እህህ እያለ። ባለፈው ሳምንት ምሳ ዕቃውን ረስቶት ሱቁ ድረስ ተከትዬው ብሄድ፣ አባትህ መንገዱን እንደ ወታደር ሲገምሰው አላገኘውም መሰለህ! ቀጥ ብሎ! ከዳቦ ሻጯ ጋር እየተሳሳቀ!»

«ተሽሎት ይሆናላ፣» አለ ወንድምየው ከስኳሩ ጣሳ በኩል።

«በሩብ ሰዓት? ምን ዓይነት በሽታ ነው ቤት ሲሆኑ የሚይዝ፣ ሰፈር ሲወጡ የሚለቅ? እንዳልሄድበት ነው። በአፉ ሂጂ ይለኛል፣ በእግሩ ያስቀረኛል። እሱን ብቻውን ጥሎ መሄዱ ራሱ ሆዴን እየበላኝ ይሄን ሲጨምርበት... ተወኝ በቃ።»

ልብስ ተኳሹ የሰው ወሬ የሚለቅም ሰው አይደለም። በሠላሳ ዓመት ሥራው ከደንበኛ ኪስ ስንት የታጠፈ ደብዳቤ አውጥቶ፣ አንዲት ቃል ሳያነብ፣ ከተተኮሰው ልብስ ጋር መልሷል። ግን አራተኛዋ እርምጃ ላይ የቆመ ሰው ወዴት ይሄዳል? የሰማውን ሰማ። መጀመሪያ ተናደደ፤ ቀጥሎ፣ ያላደረገውን ያደረገ ይመስል፣ አፈረ። ልጁ ውሸታም ብላው አታውቅም። እናቷም ብትሆን ደረቅ ብላዋለች፣ ግትር ብላዋለች፣ አንድ ቀን በቁጣ ግንድ ብላዋለች፤ ውሸታም ግን አላለችውም። ይበልጥ አንጀቱን ያሳረረው ደግሞ የልጅቱ ነገር ለሰሚ እውነት መምሰሉ ነው። ጠዋት ስታየው ያነክሳል። መንገድ ላይ ስታየው አያነክስም። እሱ ራሱ ዳኛ ሆኖ ቢቀመጥ በራሱ ላይ ይፈርድ ነበር።

ነገሩን ያጣደፈው ደብዳቤው ነው። ልጅቱ የመነጽር መስታወት መሞረድ ሁለት ዓመት ተምራለች። እናቷ በሞተች ሰሞን የምስክር ወረቀቷን ቁም ሳጥን ውስጥ ከታ፣ መንገዱ ጥግ ባለው መድኃኒት ቤት ግማሽ ቀን ዕቃ መሸጥ ጀመረች፤ ለምን ሲሏት «ለጊዜው» ትላለች። «ለጊዜው» ዘጠኝ ወር ሆነው። አሁን በአውቶቡስ የአንድ ቀን መንገድ ርቆ ካለ ከተማ አንድ መነጽር ሠሪ ነይ ብሎ ጽፎላታል፤ መልሷን እስከ ዛሬ አሥራ አንድ ሰዓት ይጠብቃል፣ ከዚያ ለሌላ ሰው ይደውላል። አባትየው ሂጂ ብሏታል። ሲላትም ከልቡ ነው፤ ልጁን አስቀርቶ በእሷ የሚጦር አባት ሆኖ መቅረትን እንደ ሞት ነው የሚፈራው። እንግዲህ ምን ያድርግ? በእውነት እንደታመመ ቢያስረዳት አትሄድም። ባያስረዳት ደግሞ ትሄዳለች፤ ግን አታላይ አባት ጥላ እንደሄደች አምና ትሄዳለች፤ በዓመት አንድ ጊዜ መጥታም ያንኑ ዓይኗን ይዛ ታየዋለች። ሁለቱንም አልፈለገም።

ሰው ሲጨንቀው ሞኝነት ይቀናዋል። ልብስ ተኳሹ ወደ ወጥ ቤቱ ሲገባ ላለማነከስ ወስኖ ገባ። ከበሩ እስከ ወንበሩ አምስት እርምጃ ነው፤ ተረከዙን ደፍሮ እየረገጠ አምስቱንም እንደ ሙሽራ ተራመዳቸው። ዓይኑ እንባ አቀረረ፣ ከንፈሩ ግን ፈገግ እንዳለ ነው። ልጅቱ ቢላዋውን አስቀምጣ ከእግር እስከ ራሱ አየችው።

«ዛሬ ዳንክ እንዴ አባዬ?»

«ዳንኩ።»

«እሰይ፣» አለች። ቃሉ እሰይ ነው፤ ድምፁ ግን ሌላ ነበር። ከዚያ ሁለቱም ወደ ዳቧቸው አቀረቀሩ። በዚያ ጠረጴዛ ዙሪያ ሦስት ወንበር አለ፤ ሦስተኛው ላይ ማንም አይቀመጥም፣ ማንም ደግሞ አያነሳውም። ድሮ ያ ወንበር ላይ የነበረችው ሴት አፏ አያርፍም ነበር፤ የሸሚዝ ወሬ፣ የጎረቤት ወሬ፣ የዳቦ ዋጋ፣ የመብራት ቆጣሪ፣ ሁሉንም አንድ ላይ አድርጋ ነበር የምታወራው። አባትና ልጅ እሷ ስታወራ መስማት ብቻ ነው የተማሩት። አሁን ሰሚ ብቻ ቀርቶ፣ የሻይ ማንኪያ ብርጭቆ ሲነካ እንኳ ሁለቱም ቀና ይላሉ።

ደረጃውን ወርዶ መንገዱን ሲያጋምስ ሕመሙ እንደ ልማዱ መላላት ጀመረ። ዳቦ ሻጯ ጋ ሲደርስ እንደዋዛ ይራመድ ነበር። «ጋሼ ካውያ! ምነው ዛሬ ኮሌታ እንደዋጠ ሰው ደረቁ?» አለችው፤ ሰፈሩ በሙሉ በሥራ ዕቃው ነው የሚጠራው። ሌላ ቀን ቢሆን የሚመልስላት አያጣም ነበር። ዛሬ ግን መሳቅ ፈራ፤ ዘወር ብሎ ኋላውን አየ። ይባስ ብሎ ራሱን መጠራጠር ጀመረ። እውነት እግሬ ነው ወይስ ልቤ? ሳላውቀው እያስመሰልኩ ይሆን? ሰው ሆዱን አያውቅም ይባላል። ልጁ ሄዳ፣ የባዶ ቤት ቁልፍ ሲያዞር ራሱን ያየዋል፤ ምናልባት እግሩ ከአፉ ቀድሞ አትሂጂ እያለ ይሆን? ይህን እያሰበ የሱቁን በር ከፈተ።

ስለ ተረከዙ ምክር ያልሰጠው ደንበኛ የለም። ልብስ ሊተኮስለት የሚመጣ ሰው ሁሉ ሐኪም ነው። ሾፌሩ አጥንት በቅሎብህ ነው፣ በመሮ ነው የሚነሳው አለው፤ ያን ሰሞን እንቅልፍ አጣ። መምህሩ የሥጋ በሽታ ነው ብለውት ሁለት ወር ሥጋ ከለከሉት። ጎረቤቱ ልብስ ሰፊ ደግሞ በባዶ እግር ጠጠር ላይ መሄድ ነው መድኃኒቱ ብሎ አስምሎት፣ ጎልማሳው ሰውዬ ሦስት ሳምንት ሙሉ ጠዋት ጠዋት ከሕንፃው ጀርባ እንደ ዶሮ እየዘለለ ሲረግጥ ከረመ። የጨው ውሃው፣ ቅባቱ፣ የጋለው ጡብ ሳይቆጠር ነው። ተረከዙ ሁሉንም ምክር ሰምቶ፣ ሁሉንም ንቆ፣ በየጠዋቱ ያችን ሚስማሩን ይዞ ይጠብቀዋል።

ሱቁ ጠባብ ነው። በቀኝ የተተኮሰ ልብስ የሚሰቀልበት ብረት፣ በግራ ገና ያልተነካ ልብስ በየስሙ የታሰረበት መደርደሪያ፣ መሃል ላይ ሰፊው ጠረጴዛ። ወለሉ ሊሾ ነው፤ ብርዱ ክረምት ከበጋ አይለይም። ከጠረጴዛው ፊት፣ ተኳሹ በሚቆምበት ቦታ፣ ከሌላው ወለል ፈካ ያለ ባለ አራት ማዕዘን ምልክት አለ። ጥግ ላይ ደግሞ የሚስቱ የልብስ ስፌት መኪና በጨርቅ ተሸፍኖ ቆሟል። እሷ ቁልፍ የወደቀውን ትተክላለች፣ ኪስ የተቀደደውን ትሰፋለች፤ እሱ ይተኩሳል። ደንበኛን በፊቱ ሳይሆን በኮሌታው ነበር የምታውቀው። «ይሄ ሰውዬ ዘንድሮ ወፍሯል፣ ሚስቱ ታርቃዋለች፣» ትላለች ሸሚዝ ዘርግታ፤ ሳምንት ሳይሞላ ሰውዬውና ሚስቱ ተያይዘው ሲያልፉ ይታያሉ። ልብስ ስታቀብለው ሁልጊዜ የምትላት አንዲት ቃል ነበረች፤ «ኮሌታውን አደራ» ትላለች፣ በሠላሳ ዓመት አንድ ቀን ኮሌታ ያቃጠለ ይመስል።

በዚያ በፈካው ቦታ ላይ አሥራ አራት ዓመት ሙሉ ምንጣፍ ነበር። አንድ ክረምት ሚስቱ ቡናማ ካፖርቷ ክርኑ ላይ አልቆ እንደማይታደስ ስታውቅ፣ አንድ ማታ ብድግ ብላ በመቀስ ተረተረችው። ቁልፎቹን ለደንበኛ አስቀረች። ገላውን ከላይ አድርጋ፣ ከሥሩ ሦስት ያረጀ ብርድ ልብስ አነባብራ፣ በወፍራም ክር ሰያፍ ሰያፍ ሰፍታ ጠረጴዛው ፊት አነጠፈችለት። «ይኸው፣» አለችው፣ «እንግዲህ ሊሾው አያገኝህም።» እሱ መጀመሪያ አፍሮ ነበር፤ ወንድ ልጅ ምንጣፍ ላይ ቆሞ ሲሠራ ሰው ምን ይለኛል ብሎ። በሳምንቱ ግን ምንጣፉን ካላገኘ መተኮስ እንቢ የሚል ሰው ሆነ። እሷም ከጥግ ሆና ታሾፍበታለች፦ «ቀኑን ሙሉ ጀርባዬ ላይ ቆመህ ትውላለህ፣ ማታ ደግሞ ደክሞኛል ትላለህ!» ደንበኛ ካለ ይስቃል፤ ደንበኛ ከሌለ ሁለቱ ይስቃሉ። ያ ሳቅ ዛሬ በሱቁ ውስጥ የለም፤ አንድ ቀን እንኳ ቢመለስለት ያለውን ሁሉ ይሰጥ ነበር።

እስከ አምስት ሰዓት ተኩል ድረስ አሥራ ዘጠኝ ሸሚዝና ስድስት ሱሪ ተኮሰ። የጥርስ ሕመም የመሰለ ነገር ተረከዙን ሲነዘንዘው በርጩማዋ ላይ ትንሽ አረፍ አለ። ያን ጊዜ መምህሩ ገቡ። ልብስ ተኳሹ ሊቀበላቸው ብድግ ሲል ያቺ የመጀመሪያዋ እርምጃ ከተፍ አለች፤ ጠረጴዛውን ይዞ ወደቀ ማለት ይቻላል። መምህሩ መነጽራቸውን አወረዱና «ምነው ጋሼ ካውያ፣ ቅድም በመስኮት ሳይዎት ደህና አልነበሩ?» አሉ። ክፋት አልነበረባቸውም። ግን በአንድ ቀን ሁለተኛው ሰው ነው፤ ልብስ ተኳሹ ሰማይ ተደፋበት። ሸሚዛቸውን ሰጥቶ እንደሸኛቸው ካውያውን ነቀለ፣ «እመለሳለሁ» የሚል ካርቶን በሩ ላይ ሰቀለና በቀትር ሱቅ ዘጋ። ይህን ያደረገው ከቀብሩ ቀን በቀር ዛሬ ብቻ ነው።

ወደ ሰፈሩ ክሊኒክ ሄደ፤ የካርድ ማውጫው ዋጋ የስድስት ሸሚዝ መተኮሻ ነው። ከአንዲት አሮጊትና ከሚያለቅስ ሕፃን ጋር አግዳሚ ወንበር ላይ ረዥም ሰዓት ጠበቀና ወደ ፊዚዮቴራፒ ባለሙያዋ ክፍል ገባ። ወጣት ናት፤ ጋውኗ እጅጌው ላይ ክፉኛ ነው የተተኮሰው፣ እሱ ደግሞ በዚህ ሁሉ ሐሳብ መሃል ይህን አየ። ጫማውን አስወልቃ እግሩን ጉልበቷ ላይ አድርጋ፣ በአውራ ጣቷ ተረከዙን ከውስጥ በኩል ጫን ስታደርገው ከአልጋው ሊዘል ምንም አልቀረው።

«ጠዋት ከአልጋ ሲወርዱ የመጀመሪያዋ እርምጃ ናት አይደል የምትገድልዎ?» አለችው። «ከዚያ ሲራመዱ ይለቅቅዎታል፤ ተቀምጠው ሲነሱ ደግሞ እንደ አዲስ ይጀምራል።»

ሰባት ወር ሙሉ ብቻውን የተሸከመውን ነገር አንዲት የማያውቃት ልጅ ሳይነግራት ነገረችው። «ራጅ አላነሳሽኝም እኮ፣» አለ። ሳቀች። ይህ ራጅ አያሻውም አለችው። ከተረከዝ ተነስቶ እስከ ጣቶች ሥር የተወጠረ ወፍራም ጅማት አለ፤ የእግርን ቅስት እንደ ገመድ ይዞ የሚያቆም። ብዙ ሲጫኑት፣ ደረቅ ወለል ላይ ብዙ ሲያቆሙት ይቆስላል። ሌሊት እግር ሲያርፍ ጅማቱ ይሰበሰባል፤ ጠዋት ድንገት ሲቆሙበት ይጎተታልና ያን ጊዜ ያንገበግባል። ሲራመዱበት ይፍታታል፤ የዳነ ይመስላል እንጂ አልዳነም። አጥንት በቅሏል የተባለውንም እንዲተው ነገረችው፤ ብዙ ሰው ያ አጥንት ኖሮት ሕመም የለውም፣ በመሮም የሚነሳ ነገር የለም። የጠጠሩን ሕክምና ሲነግራት ግን ዓይኗን ጨፈነች። «አባቴ ይሙት፣ ማነው ይሄን የመከረዎት?»

«ልብስ ሰፊ ነው።»

«እንግዲህ ጨርቁን ይስፋ።»

ከዚያ ደፍሮ የመጣበትን ጠየቀ። «ልጄ፣ ወረቀት ስጪኝ። እንደማላስመስል የሚል።» ባለሙያዋ ቀና ብላ አየችው፤ አልሳቀችም። ይህ በሽታ ብዙ ሰው ውሸታም ያስባለ በሽታ ነው አለችው፣ ባልን ከሚስት፣ ሠራተኛን ከአለቃው ያጣላ። ከዚያ እየጻፈች ጠየቀችው፦ ሥራዎ ምንድን ነው? ስንት ሰዓት ይቆማሉ? ምን ላይ? ሠላሳ ዓመት ሊሾ ላይ መቆሙን ሲነግራት እስክሪብቶዋ ቆመ። «ሠላሳ ዓመት ሳያምዎት፣ ዘንድሮ ምን ተለወጠ?»

«ምንም አልተለወጠም። ጠረጴዛው ያው፣ ካውያው ያው...» አለና አፉ ላይ ቀረበት። የፈካው ባለ አራት ማዕዘን ዓይኑ ላይ መጣ። «ምንጣፍ ነበረኝ፣» አለ ቀስ ብሎ።

«የት ሄደ?»

«አስቀመጥኩት።»

«ያውጡታ!»

«አይረገጥም፣» አለ። አልገባትም፤ እሱም አላስረዳትም። ወረቀቱን አጥፎ ደረት ኪሱ ውስጥ ከተተና ወጣ።

ሱቅ መመለስ ሲገባው እግሩ ወደ ቤት ወሰደው። ልጅቱ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ድረስ መድኃኒት ቤት ናት፤ ቤቱ ባዶ ነው። ከቁም ሳጥኑ ራስ ላይ በነጭ አንሶላ የተጠቀለለውን አወረደ፤ አንሶላውን ያን ጊዜ ራሱ ነበር በደንብ ተኩሶ የጠቀለለበት። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ ጉልበቱ ላይ ፈታው። ቡናማው ካፖርት እንዳለ ነው፤ የቁልፍ ቀዳዳዎቹ እንኳ በረድፍ ይታያሉ። መሃሉ ላይ የሁለት እግር ጉድጓድ አለ፣ የእሱ የራሱ፣ በአሥራ አራት ዓመት የተቆፈረ። ከቀብሩ ማግስት ሱቅ ገብቶ እንደ ልማዱ ሊቆምበት አንድ እግሩን ሲያነሳ ነው ነገሩ የመጣበት። ቀኑን ሙሉ ጀርባዬ ላይ ቆመህ ትውላለህ። እግሩ አየር ላይ ቀረ። ማን አባቱ ነው በሞተች ሚስቱ ጀርባ ላይ የሚቆም? አንስቶ አራገፈው፣ ወለሉን አጥቦ፣ ሸሽጎ ቤት አመጣው፤ ያን ቀን ደረቁ ሊሾ ላይ መተኮስ ጀመረ። ተረከዙን ከዚህ ጋር አገናኝቶ አያውቅም ነበር። ለእሷ ክብር ብሎ ያደረገው ነገር እሷ ያዳነችለትን እግር ነበር የሚገድለው። ምንጣፉን እንደታቀፈ ብዙ ተቀመጠ።

ሊነሳ ሲል ያው ነው፤ የመጀመሪያዋ እርምጃ አለች። ግን ሰው የለም ብሎ፣ እንደ ልቡ «እህህህ! ወይኔ እግሬን!» ብሎ ጮኸ። ምንጣፉን በብብቱ ይዞ፣ በሌላው እጁ ቁም ሳጥኑን፣ ከዚያ የአልጋውን ራስጌ፣ ከዚያ ግድግዳውን እየጨበጠ፣ በአንድ እግሩ እየዘለለ በሩ ጋ ደረሰ። ቀና ሲል ልጁ ቆማለች። ቁልፉ በእጇ ነው፣ ትንፋሿ ይቆራረጣል። መልሷን ለመንገር ሱቅ ሄዳ በሥራ ሰዓት ተዘግቶ ስታገኘው፣ አባቷ አንድ ነገር ሆኖ ነው ብላ ሰፈሩን በሩጫ አቋርጣ መምጣቷ ነው። ሲነሳ ጀምሮ አይታዋለች። ማንም አያየኝም ያለ ሰው እንዴት እንደሚያነክስ ከራስ እስከ እግሩ አየች።

ስለ እግሩ ግን አላነሳችም። ዓይኗ ብብቱ ውስጥ ያለው ነገር ላይ ተተክሎ ቀርቷል።

«አልጣልከውም?»

«ምኑን?»

«የእማዬን ካፖርት።»

«ማን ይጥለዋል?» አለ ደንግጦ።

«ከቀብሩ በኋላ ሱቅ ስመጣ አልነበረም። ወለሉ ታጥቧል። የት ሄደ ስልህ ፊትህን አዞርክብኝ።» ቁልፉን ጨበጥ አደረገች። «ሳምንት ሳይሞላ አውጥተህ የጣልካት መሰለኝ አባዬ። እስከ ዛሬ።»

እንግዲህ ዘጠኝ ወር በዚያ ጠረጴዛ ላይ ከዳቦውና ከሻዩ ጋር የሚቀርበው ዝምታ ይህ ነበር። እሱ ያን ቀን ፊቱን ያዞረው አፉን ቢከፍት ልጁ ፊት እንደሚያለቅስ ስላወቀ ነው፤ እሷ ደግሞ የዞረ ፊት ነው ያየችው። እናቷን በሳምንቱ የጣለ አባት ቢያነክስ ማን ያምነዋል? ልብስ ተኳሹ ግድግዳውን ተደግፎ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ለሰው ተናገረው። «አልቻልኩም ልጄ። ጀርባዬ ላይ ቆመህ ትውላለህ ትለኝ አልነበር? እንዴት ብዬ ልቁምባት?»

ልጅቱ እያለቀሰች ሳቀች። ቀረብ ብላ ምንጣፉን ከብብቱ ወሰደችና የክሩን ሰያፍ በጣቷ ዳሰሰችው።

«አባዬ፣ እንድትረግጠው እኮ ነው የሰፋችው።»

ይህን ሁለቱም ያውቁታል። ማንም ግን እስከዚያች ደቂቃ ድረስ አልተናገረውም ነበር። ልብስ ተኳሹ አልጋው ላይ ተመልሶ ተቀመጠ፣ ልጅቱ ወለሉ ላይ፤ ወረቀቱን ከኪሱ አውጥቶ ሰጣት። ድምፅዋን አውጥታ ማንበብ ጀመረች፦ «ጠዋት በመጀመሪያዋ እርምጃ ይብሳል፤ ሲራመዱ ይቀንሳል፤ ከዕረፍት በኋላ ይመለሳል...» እዚያ ላይ ማንበቧን አቆመች። አንገቷን ደፋች። ጠዋት የሰማውን አልነገራትም፤ እስከ ዛሬም አልነገራትም። እሷ ብቻ፣ ፊቷን ሳታነሳ፣ «አልሄድም» አለች። «እደውልላቸውና አልችልም እላቸዋለሁ። እንዲህ ሆነህ ጥዬህ የት እሄዳለሁ?»

አባትየው ይህን ነበር ቀኑን ሙሉ የፈራው። ያ ወረቀት መታመሙን እንዲመሰክርለት ያመጣው ነው፤ አሁን ግን ጣቱን ዝቅ አድርጎ ታች ያለው መስመር ላይ አስቀመጠው። «እስከ መጨረሻው አንብቢው እንጂ። ብዙ ሰው በወራት ውስጥ ያለ ቀዶ ሕክምና ይድናል ይላል። አየሽ? ከአልጋ ሳይወርዱ ጉልበት ዘርግቶ፣ ፎጣ ጣት ሥር አድርጎ ግማሽ ደቂቃ መሳብ። ግድግዳ ገፍቶ ባትን ማፍታታት። ውሃ በላስቲክ ጠርሙስ አቀዝቅዞ ከእግር በታች ማንከባለል። በባዶ እግር አለመሄድ። ሶሉ ወፍራም ጫማ። እስቲ ፈልጊ፤ ሴት ልጅ ያስፈልገዋል የሚል የት አለ? ፎጣ ነው የሚለው። ፎጣ ደግሞ ከቤት አለን።»

ልጅቱ ወረቀቱን አገላብጣ አየችው፣ በእርግጥ የምትፈልገውን መስመር እንዳጣች ሰው። ከዚያ ሰዓቷን አየች።

ሱቁን ሲከፍቱ አሥር ሰዓት ተኩል አልፏል። ምንጣፉን ይዛ የመጣችው እሷ ናት። ጠረጴዛው ፊት ተንበርክካ ስትዘረጋው ከፈካው ቦታ ላይ ልክክ አለ፤ ጣት አላለፈም፣ ጣት አልጎደለም። ልብስ ተኳሹ ዳር ቆሞ ጫማውን ሊፈታ ጎንበስ አለ። «በጫማህ፣» አለችው፤ «እሷ እያለች በጫማህ አልነበረም የምትቆመው?» ቀኝ እግሩን አስቀደመ። ከዚያ ግራውን፣ ያን ክፉውን፣ ቀስ ብሎ አሮጌው ጉድጓዱ ውስጥ አስገባው። ሕመሙ አልጠፋም፤ እንደዚያ የሚጠፋው በተረት ነው። ሊሾው ግን ራቀ። ጥግ ላይ ያለው የተሸፈነ መኪና አሁን አንድ ነገር ተናግሮ የሚያሾፍበት መሰለው፤ ዓይኑን በእጅጌው ጠረገና ካውያውን ሰካ።

ልጅቱ ከቦርሳዋ የተጨማደደ ነጭ ጋውን አወጣች፣ ትምህርት ላይ ሳለች የምትለብሰውን። ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችለት። «ኮሌታውን አደራ፣» አለችና፣ ያለችውን ስታውቀው ፈጠን ብላ ወደ ውጭ ወጣች። ከበሩ ማዶ መጀመሪያ ለመነጽር ሠሪው ደወለች፤ ሰኞ እደርሳለሁ አለችው። ቀጥሎ ለወንድሟ። ልብስ ተኳሹ የሰው ወሬ የሚለቅም ሰው አይደለም፤ ሱቁ ግን ጠባብ ነው።

«ነገርኳቸው፣ እሄዳለሁ... አባዬ? ኧረ ያነክሳል። ያነክሳል አልኩህ! ጠዋት ያልኩህን እርሳው፣ እኔ ነኝ የተሳሳትኩት። ይድናል ብለውታል።»

ሠላሳ ዓመት ሙሉ እጅህ ይባረክ ሲሉት ኖሯል፤ እንደዚያች «ያነክሳል» ደስ ያለችው ቃል ግን አልነበረችም። የጋውኑን ኮሌታ ገልብጦ ካውያውን አሳረፈበት።